እጢው ወጥቷል፣ እኔ ግን እኔን አልሆንኩም

የዛሬው ደብዳቤ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር ነው የመጣው። ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲላት በስልኳ የጻፈችው ስለሆነ ረዘም ይላል፣ አሳጥሬ ላቅርበው፦

«41 ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ቀፊራ ገበያ ቅመማ ቅመም እሸጣለሁ። አምና ሱቅ ውስጥ ድንገት ወድቄ ተንቀጠቀጥኩ፣ ድል ጮራ ሆስፒታል ወሰዱኝ፣ ከዛ ሪፈር ተጽፎልኝ አዲስ አበባ ኤምአርአይ ስነሳ ጭንቅላቴ ውስጥ በግራ በኩል ሜኒንጂኦማ የሚባል እጢ ተገኘ። ኦፕራሲዮን ከሆንኩ 5 ወር ሆነኝ። ፓቶሎጂው፣ የእጢው ናሙና ምርመራ ማለት ነው፣ ግሬድ 1 ነው፣ ካንሰር አይደለም አለ፣ ቤተሰቡ እልል አለ። እኔ ግን አልዳንኩም። ቃል ይጠፋብኛል፣ ደንበኛ ፊት ቆሜ ሚዛን ማለት አቅቶኝ "ያ... የሚመዝነው" እላለሁ፣ መልስ አሳስታለሁ፣ ከሰዓት ሰውነቴ ይዝላል፣ ያለምክንያት አለቅሳለሁ፣ ልጆቼ ላይ እጮሃለሁ። ባለቤቴ "ወጥቷል እኮ፣ አሁን ተይው" ይለኛል። ሌቬቲራሴታም የሚባል ክኒን ጠዋትና ማታ እወስዳለሁ፣ እህቴ ደግሞ ለሐምሌ ገብርኤል ቁልቢ እወስዳታለሁ ክኒኑንም እዛው ትተወዋለች እያለች ነው። ጓደኞቼ በርጫ ነይ፣ ጫት እንቃም፣ ይፍታታልሻል ይላሉ። የሦስት ወር መርፌ ስወጋ ስለነበር ያ ነው ያመጣብሽ የሚለኝም አለ። ሁለተኛው ኤምአርአይ ደርሷል፣ እሱን ሳስብ ልቤ ቀጥ ይላል። ደሞ አትሳቂብኝና የእህቴ ልጅ ሰርግ አለ፣ ሹሩባ መሠራትና ሂና መቀባት እችላለሁ?»

እህቴ፣ እንደ ድሬ ወግ አንቺ ልበልሽ፣ አንቱ ብዬ ብጀምር ራሴው እስቃለሁ። ለማያውቀኝ ሰው ደሞ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሰርጂካል ዎርድ ነርስ ነበርኩ፣ ስለዚህ ያየሁትንና የማውቀውን እነግርሻለሁ፣ መድኃኒት መቀየርና መቀነስ ግን የኔም የእህትሽም ሥራ አይደለም።

ሰው «እንኳን ካንሰር አልሆነ» ሲልሽ እውነቱን ነው፣ ደስታውም የምር ነው። ችግሩ ከዛ በኋላ አፍሽን ይዘጋዋል፣ ራሴን አመመኝ ደከመኝ ማለት እግዜርን ማማረር ይመስልብሻል። ዎርድ ውስጥ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ካንሰር የተባለው አልጋ ዙሪያ ጠያቂ አይጠፋም፣ ብርቱካንና ጁስ መቀመጫ ያጣል፣ «ደህና ነው» የተባለው ደሞ ስፌቱ ሳይወጣለት ሰው ይረሳዋል። አንቺ ጭንቅላትሽ ተከፍቶ የተዘጋ ሰው ነሽ። አሁንም ታማሚ ነሽ፣ እያገገምሽ ያለሽ ታማሚ፣ ይሄንን ለመናገር የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም።

ምን እንደሆነብሽ በደንብ ያስረዳሽ ሰው ያለ አልመሰለኝም። ሜኒንጂኦማ ከአንጎሉ ከራሱ አይደለም የሚነሳው፣ አንጎልን ከሸፈነው ስስ ልባስ ነው። ጭንቅላት ውስጥ ከሚነሱ እጢዎች በብዛት የሚታየው እሱ ነው፣ ሴቶች ላይ ደሞ ከወንዶች በእጥፍ ገደማ ይበዛል፣ ከ10 ሰው 8ቱ አካባቢ እንዳንቺ ግሬድ 1 ነው የሚሆንለት። ሲያድግ በጣም ቀስ ብሎ ነው፣ ያንቺም ሱቅ ውስጥ ከመውደቅሽ በፊት ለዓመታት እዛው ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፣ እንደውም ለሌላ ነገር ሲቲ ስካን ሲነሱ የሚገኝባቸውና ትንሽ ስለሆነ ሳይነካ በኤምአርአይ ብቻ እየታየ የሚኖሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። የራስ ቅል ደሞ አይለጠጥም፣ እጢው ቦታ ሲፈልግ የሚገፋው አንጎሉን ነው፣ የግራው በኩል ደሞ አብዛኛው ሰው ላይ የቋንቋ ሰፈር ነው። ድንጋይ ሲነሳ ሥሩ ተጋድሞ የኖረው ሣር በዛው ቀን ቀና አይልም። በዛ ላይ ኦፕራሲዮኑ ራሱ አለ፣ አጥንት ተነስቶ ተመልሷል፣ አንጎል ተነክቷል፣ አብጦ ቀስ እያለ ጎድሏል። ለዚህ ሁሉ 5 ወር ምንም ማለት አይደለም። በጥቂት ወር ውስጥ ሥራ የሚመለስ ሰው አለ፣ ግን ድካሙና የቃል መጥፋቱ ከዛ በላይ የሚቆይባቸው ብዙ ናቸው፣ ዓመት የሚሞላቸውም አሉ፣ አንዳንዱ ነገር ደሞ እንደድሮው ላይመለስ ይችላል፣ ለምን እዋሽሻለሁ። ግን ሚዛን ማለት አቅቶሽ «የሚመዝነው» ብለሽ መዞሪያ መንገድ ማግኘትሽ ራሱ ጥሩ ነገር ነው፣ የንግግር ቴራፒስቶች ለሰው የሚያስተምሩት እሱን ነው።

አሁን ወደ ለቅሶውና ጩኸቱ ልምጣ፣ ምክንያቱም ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ የገባው እሱ ነው። ሌቬቲራሴታም፣ አንዳንድ ቦታ ኬፕራ በሚል ስም የምታገኚው፣ የሚጥለውን በሽታ ለመያዝ ጎበዝ መድኃኒት ነው ግን አንድ የታወቀ አመል አለው፣ አንዳንድ ሰው ላይ ንዴት ንዴት ያሰኛል፣ ሆድ ያስብሳል፣ ድብርት ያመጣል። ልጆቼ ላይ እጮሃለሁ ስትዪ ምናልባት ግማሹ አንቺ ሳትሆኚ ክኒኑ ነው። ግማሹ ደሞ የኦፕራሲዮኑ፣ የፍርሃቱ፣ የእንቅልፍ ማጣቱ ይሆናል፣ እኔ ከዚህ ሆኜ ልለየው አልችልም፣ ሐኪምሽ ግን ይችላል። ስለዚህ «ደህና ነኝ» ብለሽ አትውጪ። ቀጠሮው ላይ ቁጭ ብለሽ ክኒኑን ከጀመርኩ ወዲህ እንዲህ ሆኛለሁ ብለሽ በግልጽ ተናገሪ፣ ዶዙን ማስተካከልም ሌላ መድኃኒት መተካትም ይቻላል፣ ድብርቱም ራሱን ችሎ የሚታከም ነገር ነው። መሞት መሞት የሚል ሀሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ ምናምን አትጠብቂ፣ የዛኑ ቀን ለባልሽ ተናግረሽ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

በራስሽ ግን እንዳታቆሚው። በናትሽ። እጢው መውጣቱ የሚጥለውን ነገር ሁልጊዜ ይዞት አይሄድም፣ የተነካው ቦታ ላይ የሚቀረው ጠባሳ ራሱ መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ይችላል፣ ክኒኑ በአንዴ ሲቋረጥ ደሞ ከበፊቱ የባሰ፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው የሚቀጥል ዓይነት ሊመጣ ይችላል። የሚቆምበት ቀን ሊመጣ ይችላል፣ ሲመጣ ግን ሐኪሙ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነው የሚያስቆመው። መድኃኒቱ አንዳንዴ ከፋርማሲ እንደሚጠፋ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ፍሬው አልቆ ብልቃጡን ስታራግፊ ሳይሆን ገና ሁለት ሳምንት የሚሆን እጅሽ ላይ እያለ ፈልጊ።

ቁልቢ ሂጂ። ማን ይከለክልሻል፣ እኔም ስለት ያለብኝ ሰው ነኝ። ገብርኤል ክኒን ጣዪ ያለ አልሰማሁም፣ እሱን ያለችው እህትሽ ናት። ክኒንሽን ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ፣ ጸበሉን ጠጪ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ደሞ ክኒኑን ዋጪ፣ ጾም ከሆነና ከከበደሽ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፣ ለታመመ ሰው መድኃኒት የሚከለክል አባት እኔ አላጋጠመኝም። እኔን የሚያስፈራኝ ጸበሉ አይደለም፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኙ ማደሩ ነው፣ እንቅልፍ ማጣት መንቀጥቀጥን ከሚጠሩ ነገሮች ዋናው ነው። አብራችሁ ሂዱ፣ ግን አንቺ መተኛ ቦታ ይፈለግልሽ፣ ማኅሌቱን እህትሽ ቆማ ትስማልሽ። በእግር እንሄዳለን ምናምን የሚል ካለ ደሞ እሱ ለሌላ ዓመት ይቆየን።

በርጫው ላይ ግን አልደራደርም። ድሬ ውስጥ ጫት አትቃሚ ማለት ከሰው አትገናኚ ማለት እንደሆነ ይገባኛል፣ ወሬው፣ እጣኑ፣ ሻዩ በሙሉ እዛ ነው ያለው። ግን አስቢው፣ ጫት የሚያነቃቃ ነገር ነው፣ ምርቃናው እስከ እኩለ ሌሊት ዓይንሽን ያፈጠዋል፣ ምግብ ያስጠላሻል፣ ክኒኑን ያስረሳሻል፣ በነጋታው የድብርቱ ድብርት ይመጣል። አንቺ ደሞ ድሮም ማታ አልተኛም እያልሽ ነው። ሄደሽ ተቀመጪ፣ ሻይሽን ጠጪ፣ ሳቂ፣ 11 ሰዓት ሲሆን ተነሽ። «አንዲት ቅጠል ብቻ» የምትልሽ ጓደኛ ካለች እሷን ለጊዜው ስልክ ላይ ብቻ አግኚያት።

ይሄን ለባለቤትሽ አንብቢለት፣ ወይ ስልኩን ስጪው።

ወንድሜ፣ «ወጥቷል እኮ» የምትለው ከክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ አንተም ያን ቀን ኮሪደር ላይ ቆመህ አልቀህ ነበር፣ አሁን ነገሩ ያለቀ እንዲሆን ነው የምትፈልገው። ግን አላለቀም። እሷ እንድትረሳው ከምትለምናት አንድ ነገር ተማርልኝ። ድንገት ብትወድቅ ክብሪት ለኩሶ ጭሱን ማሽተት የሚባለውን ነገር ተወው፣ ሎሚም ሽንኩርትም አያስፈልግም፣ አፏ ውስጥ ማንኪያም ጣትም እንዳታስገባ፣ ጥርስ ይሰበራል ጣት ይነከሳል እንጂ ምላስ አይዋጥም። እንዳትመታ ዙሪያዋን አጽዳ፣ ከራሷ ሥር የሆነ ጨርቅ አድርግ፣ መንቀጥቀጡ ረገብ ሲል በጎኗ አስተኛት፣ ሰዓትህን ተመልከት። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቃ ሁለተኛ ከጀመራት ባጃጁን ጥራና ወደ ሆስፒታል። ይሄንኑ ቀፊራ ጎረቤት ላሉት ሴቶችም ንገራቸው፣ መጀመሪያ የሚደርሱት እነሱ ናቸው። ቤት ውስጥ ደሞ መታጠቢያ ቤቱን ከውስጥ አትቆልፍ፣ ዘይት ስትጠብስና ምጣድ ላይ ስትቆም ብቻዋን አትሁን። ሱቁ ላይ ደሞ ማታ ሂሳቡን አንተ ዝጋላት።

ሱቁን ካነሳን፣ እህቴ፣ ሙሉ ቀን መቆምሽ ነው አንዱ ችግር። ጭንቅላት ከተከፈተ በኋላ የሚመጣው ድካም እንደሌላው ድካም ቡና ጠጥተሽ የምትገፊው አይደለም፣ ሲያልቅ ያልቃል። ጠዋት ጭንቅላትሽ ንጹህ ስለሚሆን ሂሳብ፣ ከጅምላ ሻጭ ጋር መከራከር፣ ዕቃ መቁጠር በጠዋት ይሁን። ቀትር ላይ ድሬ ራሷ ዘግታ ትተኛለች፣ አንቺም ተኚ፣ በዛ ሙቀት ውሃ ሳትጠጪ መዋል ራስ ምታቱን ያብሰዋል። ከሰዓት ልጅሽ ወይ ሌላ ሰው ይቁም፣ ወይ ዝጊው። የሄሉን የቁንዶ በርበሬውን የእርዱን ዋጋ በካርቶን ጽፈሽ ጆንያው ላይ ሰክተሽ ተዪው፣ መልስ በካልኩሌተር ይሁን፣ ብሩን ደንበኛው እጅ ላይ ጮክ ብለሽ ቁጠሪ። ሬዲዮኑን ዝጊ፣ ወሬና ሂሳብ አንድ ላይ አሁን አይሄድልሽም። ማታ ማታ ከልጆችሽ ጋር ጨዋታ አድርጊው፣ ዕቃ እያነሱ ያሳዩሽ አንቺ ስሙን ጥሪ፣ ካልመጣ የመጀመሪያውን ፊደል ይንገሩሽ። ታናሹ በጣም ነው የሚወደው፣ እናቱን የሚፈትን ልጅ የት ይገኛል።

ደንበኛ የሳቀብሽ እንደሆነ ደሞ «ኦፕራሲዮን ሆኜ ነው፣ ጠብቂኝ» በይ በቃ። ሲነገር ያፍራሉ፣ ሲደበቅ ነው የሚያወሩት።

የመርፌው ጉዳይ። ይሄ ሙሉ ለሙሉ የሰፈር ወሬ አይደለም፣ ስለዚህ በጥንቃቄ ስሚኝ። በ2024 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይ የወጣ ትልቅ ጥናት የሦስት ወሩን መርፌ፣ ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን የሚባለውን፣ ዓመትና ከዛ በላይ የተወጉ ሴቶች ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው ሜኒንጂኦማ የመያዝ ዕድላቸው ካልተወጉት ከ5 እጥፍ በላይ እንደሆነ አሳይቷል። ሲሰሙት ያስደነግጣል፣ ግን ከመነሻው በጣም ጥቂት ሰው ላይ የሚመጣ በሽታ ስለሆነ 5 እጥፉም ትንሽ ነው፣ መርፌውን ከሚወጉት ሴቶች እጅግ የሚበዙት ምንም ሳይሆኑ ነው የሚኖሩት። ያንቺን እሱ ያምጣው አያምጣው ማንም እርግጠኛ ሆኖ ሊነግርሽ አይችልም፣ በራስሽ መፍረድም ጥቅም የለውም፣ ልጅ ማራራቅ ጥፋት አይደለም። ከእንግዲህ ግን አትወጊው፣ ለማህፀን ሐኪምሽም ለኦፕራሲዮን ሐኪምሽም ሜኒንጂኦማ ነበረብኝ መርፌም እወጋ ነበር ብለሽ ንገሪ፣ ሆርሞን የሌለው እንደ ሉፕ ያለ ነገር ይፈልጉልሻል። ጎረቤቶችሽ ደሞ ይሄን አንብበው በነገው ዕለት መርፌ አቋርጠው እንዳያረግዙብኝ፣ ጥያቄ ያለው ጤና ጣቢያ ሄዶ ይጠይቅ።

ኤምአርአይውን በተመለከተ፣ መፍራትሽ ጤነኛ ነገር ነው፣ ቀኑ ሲደርስ እንቅልፍ የማይነሳው ሰው አላየሁም። ግን ለምን እንደሚነሱሽ ካወቅሽ ፍርሃቱ ትንሽ ይቀንሳል። ግሬድ 1 ሙሉ በሙሉ ወጥቶም አንዳንዴ ከዓመታት በኋላ ይመለሳል፣ ሲመለስ ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ ነው፣ ስለዚህ በጊዜ ካዩት ገና ትንሽ ሆኖ ይይዙታል፣ በጨረር ብቻ ሊጨርሱትም ይችላሉ። መጀመሪያ አካባቢ ቶሎ ቶሎ፣ ከዛ በዓመት፣ ከዛ እያራራቁ ያዩሻል። የሚጠየቀው ዋና ጥያቄ «ስንት ቀረ?» ነው። ሐኪሞቹ ሲምፕሰን የሚሉት ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠቀሙበት መለኪያ አለ፣ 1 ማለት እጢው ከነሥሩ ከነልባሱ ወጥቷል፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል የቀረ አለ ማለት ነው፣ አንዳንዴ ደም ሥር ላይ ስለተጣበቀ ሆን ብለው ይተዉታል። ያንቺ ስንት እንደሆነ ጠይቂና ወረቀት ላይ አስጽፊ። የድሮውን ፊልምና ሲዲ፣ የፓቶሎጂውን ወረቀት አንድ ፌስታል ውስጥ ይዘሽ ሂጂ፣ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ካልተያየ የሬዲዮሎጂ ባለሙያው ጠባሳውን ከእጢ ላይለየው ይችላል፣ በከንቱ ትደነግጫለሽ። ቃል ስለሚጠፋብሽ ጥያቄዎችሽን ቤት ጽፈሽ ሂጂ፣ ባልሽም አብሮሽ ይግባ። በነገራችን ላይ ሪፈር ስላሉሽ ቅር አይበልሽ፣ የጭንቅላት ቀዶ ጥገና ስፔሻሊስት አገራችን ውስጥ ማሰልጠን የተጀመረው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2006 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዛ በፊትማ ስንቱን ጸሎት አድርጉለት ብለን ነው ወደ ቤቱ የሸኘነው።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ነገሮችም አሉ፦ እየባሰ የሚሄድ ጠዋት ጠዋት ከትውከት ጋር የሚመጣ ራስ ምታት፣ አዲስ የእጅ ወይ የእግር መዛል፣ የዓይን መደብዘዝ፣ ትኩሳት፣ ከስፌቱ ውሃ ወይ መግል መውጣት። ከነዚህ አንዱን ካየሽ ድል ጮራም ሳቢያን ሆስፒታልም ቅርብሽ የሆነው ጋ በዛው ሰዓት ሂጂ።

ሹሩባው፣ አልሳቅኩብሽም፣ እንደውም ደስ አለኝ፣ ሰርግ የሚያስብ ሰው እየዳነ ነው። 5 ወር ካለፈሽና ስፌቱ ላይ ቅርፊት ወይ እርጥብ ነገር ከሌለ ትሠሪያለሽ፣ ግን ጠባሳው ዙሪያ ጸጉሩ እንዳይወጠር፣ ለሠሪዋ ቦታውን በጣትሽ አሳያት፣ እዛ ላይ ቆዳው ደንዝዞ ስለሚሆን ስትጎትተው ላይሰማሽ ይችላል። በዛው ምክንያት ካስክ ውስጥም አትግቢ፣ ሳታውቂው ያቃጥልሻል። ቅቤ ችግር የለውም። ሂናውን እጅሽና እግርሽ ላይ እንደልብሽ፣ ጥቁር ሂና የሚሉትን ግን አትንኪው፣ ኬሚካል ተጨምሮበት ቆዳ የሚልጥ አለ። ሰርጉ ላይ ስፒከሩ አጠገብ አያስቀምጡሽ፣ አንድ ሁለት ዘፈን ጨፍሪ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ደሞ ግቢ፣ የማታዋን ክኒን ግን ከቤት ስትወጪ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ፣ ቆይተሽ ብትቀሪ ሰዓቷ እንዳያልፍሽ።